የፈትል ክፍል ሠራተኞች የደረት ሕመም፦ ከሥራው የመጣ መሆኑ እንዴት ይረጋገጣል? ካሣውስ ከማን ይጠየቃል?

የፈትል ክፍል ተወካይ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞችን የሚመለከት ነው። ብሎው ሩም (የጥጥ እስር ወይም ቤል የሚፈታበት ክፍል) እና ካርዲንግ (ጥጡ የሚበጠርበት ማሽን) ላይ ከ9 እስከ 16 ዓመት የሠሩ አራት ሠራተኞች ደረታቸውን ያፍናቸዋል፣ ያስላቸዋል። የሕመሙ ጠባይ ለየት ይላል፤ ከዕረፍት ሲመለሱ በመጀመሪያው ቀን ይጠናባቸዋል፣ ቀናት በገፉ ቁጥር ቀለል ይላል። ሁለቱን ግን አሁን ሳምንቱን ሙሉ አይለቃቸውም። በአክታ ምርመራ ቲቢ የለም ተብሏል። ኤክስሬያቸውም ንጹሕ ነው።

የሰው ኃይል ክፍሉ የቀሩባቸውን ቀናት በሕመም ፈቃድ መዝግቦ ደመወዛቸውን በግማሽ እየከፈለ ነው። ለአንዷ ደግሞ "በራሴ ፈቃድ ለቅቄአለሁ" የሚል ወረቀት ቀርቦላታል፤ እስካሁን አልፈረመችም። ኤክስሬዩ ንጹሕ እያለ ሕመሙ ከሥራው የመጣ ነው ማለት ይቻላል? የሚያረጋግጠው ማን ነው? ክፍያውስ ከፋብሪካው ነው ወይስ ከጡረታ? የጊዜ ገደብ ካለውም ንገሩን።

የደረት ሐኪም

የገለጹት ሕመም ቢሲኖሲስን በእጅጉ ይመስላል። የጥጥ አቧራ የሚያመጣው የአየር ቧንቧ በሽታ ሲሆን፣ የዓለም ሥራ ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የሙያ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ በስሙ ሰፍሯል። ዋናው ተጠርጣሪ የጥጡ ጭረት (ቃጫው) ራሱ ሳይሆን ኢንዶቶክሲን የሚባል መርዝ ነው። ከጥጡ ጋር ተሰባብሮ በሚመጣው ቅጠልና የፍሬ ሽፋን ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚተዉት ነው። ቤሉ የሚፈታበት ብሎው ሩምና ቀጥሎ ያለው ካርዲንግ ከሽመና ክፍል ይልቅ የሚጎዱትም ለዚህ ነው፤ ቆሻሻው ገና አልተራገፈም።

ስለ ኤክስሬዩ፦ ንጹሕ መሆኑ ቢሲኖሲስን አያስተባብልም። ከድንጋይና ከአሸዋ አቧራ የሚመጣው ሲሊኮሲስ ሳንባ ላይ በፎቶ የሚታይ ጠባሳ ይጥላል፤ ቢሲኖሲስ ግን በኤክስሬይ የሚለይበት የራሱ ምልክት የለውም። "ሳንባህ ነጻ ነው" ተብሎ የሚመለሰው ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ስህተቱ ያለው የትንፋሹን አቅም ማንም ሳይለካለት መቅረቱ ላይ ነው። የኤክስሬዩንና የአክታውን ውጤት አይጣሉ፤ ሌላ በሽታ አለመሆኑን ያሳያሉ።

የሚያስፈልጋቸው ስፓይሮሜትሪ፣ ማለትም የትንፋሽ አቅም ልኬት ነው፤ የሚለካውም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ነው። ቀኑ ከዕረፍት በኋላ ያለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ይሁን። አንደኛው ልኬት ፈረቃው ሳይጀመር፣ ሁለተኛው ቢያንስ 6 ሰዓት ከሠሩ በኋላ ይወሰዳል። የሚነጻጸረው በመጀመሪያዋ 1 ሰከንድ የሚወጣው የአየር መጠን ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ቀላል፣ ከ10 እስከ 20 መካከለኛ፣ ከ20 በላይ ከባድ ጉዳት ይባላል። ቋሚ ጉዳት የሚታየው ደግሞ ፈረቃ ሳይጀመር በተወሰደው ልኬት ነው፤ ለዕድሜው፣ ለቁመቱና ለጾታው ከሚጠበቀው ከ60 እስከ 79 በመቶ ከሆነ ከቀላል እስከ መካከለኛ፣ ከ60 በታች ከሆነ ከባድ ነው። ሠራተኛው ቬንቶሊን (የአየር ቧንቧን የሚከፍት መድኃኒት) የሚነፋ ከሆነ፣ ትንፋሽ ካላጠረው በስተቀር ከምርመራው በፊት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይታገሥ። አለዚያ ጉዳቱ በልኬቱ ላይ ሳይታይ ይቀራል።

ስፓይሮሜትሪ በቅርብ ካልተገኘ በፒክ ፍሎው ሜትር መጀመር ይቻላል። መሣሪያው ትንፋሽ የሚወጣበትን ፍጥነት የሚለካ፣ በእጅ የሚያዝ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በቀን ቢያንስ 4 ጊዜ ይለካል፦ ሲነሱ፣ ሥራ ሲገቡ፣ በፈረቃው መካከል፣ ከሥራ ሲወጡ። በየጊዜው ሦስት ጊዜ ተነፍቶ ትልቁ ቁጥር ይመዘገባል። ለ4 ሳምንት የዕረፍት ቀናትን ጨምሮ ሳይቋረጥ ይያዝ። በየፈረቃ የሚሠራ ሰው የዕረፍት ቀን ስለሚዟዟር "ሰኞ፣ ማክሰኞ" ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ "ከዕረፍት በኋላ 1ኛ ቀን፣ 2ኛ ቀን" ተብሎ ይጻፍ። ይህ ካልተጻፈ የበሽታው መለያ ጠባይ ከመዝገቡ ይጠፋል። ሥራ ወለድ አስም ብዙውን ጊዜ ሳምንቱ በገፋ ቁጥር ይብሳል፤ ቢሲኖሲስ ከዕረፍት ማግስት ጠንቶ ኋላ ይቀላል። ሁለቱን የሚለየው ይኸው መዝገብ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ የማይለቃቸው ሁለቱ ይቅደሙ። በሺሊንግ ደረጃ አሰጣጥ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ብቻ የሚያፍን 1ኛ፣ በሌሎቹም ቀናት የሚያፍን 2ኛ፣ ቋሚ የትንፋሽ አቅም መቀነስ ሲጨመርበት 3ኛ ደረጃ ነው። 3ኛ ላይ ከደረሰ በኋላ ከአቧራው መራቅ የባሰውን ይገታል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ስለዚህ የክፍል ለውጥ ጥያቄው የካሣውን ጉዳይ አይጠብቅ።

ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈም ይዩ። "ብሮንካይትስ" ወይም "አስም" ብቻ የሚል ሰርተፊኬት ለካሣ አይረዳም። የሥራው ዓይነት፣ በክፍሉ የቆዩበት ዘመን፣ ሕመሙ የጀመረበት ጊዜ፣ የልኬቱ ውጤት፣ በመጨረሻም "ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው" ወይም "ሊሆን ይችላል" የሚለው የሐኪሙ አስተያየት መኖር አለበት። ሐኪሙ ካልጠየቀ ሠራተኛው ራሱ "የምሠራው ካርዲንግ ላይ ነው፣ 14 ዓመት ሆነኝ" ብሎ ያስጽፍ።

ሴፍቲ ኦፊሰር

የሐኪሙ ወረቀት በሽታውን ያሳያል። አቧራው ውስጥ መሥራታቸውን የሚያሳየው ሌላ ሰነድ ነው፤ ያ ደግሞ አብዛኛው በፋብሪካው እጅ ስለሆነ ነገሩ ሳይካረር በፊት ይሰብሰብ።

መጀመሪያ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። "የምርት ሠራተኛ" ብቻ ከሆነ ያስተካክሉት፤ ክፍሉ፣ ማሽኑና ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ይገለጽ። ዝውውር ካለ የዝውውር ደብዳቤው ይያያዝ። ቀጥሎ የቅጥር ጊዜ የጤና ምርመራ ነው። አሠሪ አዲስ የሚቀጥራቸውንና አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን እንደ ሥራው ጠባይ በራሱ ወጪ የማስመርመር ግዴታ አለበት። ሲቀጠር ጤነኛ ነው ተብሎ የገባ ሰው ያ ወረቀት ትልቅ ማስረጃው ነው። ምርመራው ጭራሽ ካልተደረገም አሠሪው "ድሮውንም ታማሚ ነበር" የሚልበት መሠረት ይሳሳል።

ከዚያ የአየር ሁኔታው። የአቧራ መምጠጫው የጥገና መዝገብ፣ ፊልተር የተቀየረባቸው ቀናት፣ ማስክ ሲታደል የተፈረመበት ቅጽ፣ የሙያ ደህንነት ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ፣ የተቆጣጣሪ ሪፖርት። የጨርቅ ማስክ የጥጥ አቧራውን ደቃቅ ክፍል አያስቀርም፤ ኤን 95 ወይም ኤፍ ኤፍ ፒ 2 መሆን ነበረበት። በቅጹ ላይ የተሰጠው ዓይነት ከተጻፈ ራሱ ይናገራል። ማሽን በኮምፕረሰር አየር እየተነፋ ይጸዳ እንደነበረም ያጣሩ፤ ወለል ላይ የተኛውን ደቃቅ አቧራ እንደገና ወደ አፍንጫ የሚመልስ እጅግ መጥፎ ልማድ ነው።

የአቧራ ልኬት ካለ ቁጥሩን በዓለም ከሚታወቁት ወሰኖች ጋር ማነጻጸር ይቻላል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ለክር ማምረቻ በ8 ሰዓት አማካይ ያስቀመጠው 0.2 ሚሊ ግራም በሜትር ኩብ ነው፤ ለሽመና 0.75። ልኬት ከሌለ አያስጨንቅ። የማሽኖቹን አቀማመጥ የሚያሳይ ንድፍ፣ መምጠጫ የሌላቸው ቦታዎች የተጠቆሙበት፣ ከሁለት ከሦስት የሥራ ባልደረቦች የምስክርነት ቃል ጋር ጥሩ ማስረጃ ነው።

ሌላም አለ። አሠሪው በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ማህበሩ ለአሠሪው በደብዳቤ "ይመዝገብልን፣ ይገለጽልን" ብሎ ይጠይቅ፤ ግልባጩ ለሥራና ክህሎት ቢሮ ይሁን፣ የገቢ ማህተም ይረፍበት። የቃል አቤቱታ ኋላ ላይ አልነበረም ይባላል።

የማህበር ሊቀ መንበር

የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ካሣውን በተመለከተ አዋጁ የዓመት ደመወዝ በ5 ተባዝቶ ይከፈላል ስለሚል ፋብሪካው ላይ በዚያ ስሌት ክሰሱ።

ጠበቃ ከልደታ

ሊቀ መንበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ ብዙ መዝገብ ስለሚወድቅ ላስተካክል። የ5 ዓመቱ ስሌት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 109 የሚገኝ ሲሆን የሚያገለግለው የጡረታ ሽፋን ለሌለው ሠራተኛ ነው። የጡረታ መዋጮ የሚከፈልለት ሠራተኛ የቋሚ ጉዳት ክፍያውን የሚጠይቀው ከግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው፤ የኅብረት ስምምነቱ የተሻለ ነገር ካለው ግን በዚያ ይታያል። ስለዚህ ማንኛውም ነገር ከመጻፉ በፊት አራቱም የጡረታ መለያ ቁጥር እንዳላቸውና የተቆረጠው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ ጋር ገቢ መሆኑ ይጣራ። የኅብረት ስምምነቱም ይነበብ።

ከመሠረቱ ልጀምር። አሠሪ ለሥራ ጉዳት ኃላፊ የሚሆነው ጥፋት ቢኖረውም ባይኖረውም ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ከገባ ነው የሚቀረው። አሠሪዎች "ማስክ አላደርግም ብሏል" የሚሉት ይህን በር ለመክፈት ስለሆነ የማስክ መስጫ ቅጹ ጉዳይ ተራ ነገር አይደለም።

በሽታው ከሥራው ስለመምጣቱ አንቀጽ 98 ሦስት መንገድ ይሰጣል። በሽታው በሚኒስቴሩ ሠንጠረዥ ከተዘረዘረና ሠራተኛው በተጓዳኝ የተጠቀሰውን ሥራ ይሠራ ከነበረ ይህ ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው። ካልተዘረዘረ ደግሞ በማስረጃ ማስረዳት ይፈቀዳል። ሦስተኛውን ሰው ይዘነጋዋል፦ በተወሰነ ሙያ ላይ ባሉ ሰዎች ብቻ ዘወትር የሚታይ በሽታ፣ ሠራተኛው በዚያ ሙያ ላይ ከነበረና ሐኪም በሽታውን ካረጋገጠ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ከሥራው እንደመጣ ይገመታል። ቢሲኖሲስ የጥጥና የመሰል ጭረት ሠራተኞች በሽታ ስለሆነ በዚህ በኩል ጠንካራ ነው። ለዚህ ነው የሐኪሙ ወረቀት "አስም" ብሎ እንዳይቆም የተመከረው፤ አስም ማንንም ይይዛል፣ ግምቱም ይፈርሳል።

አሁን የተደረገባቸው ነገር የገንዘቡ ትልቅ ቀዳዳ ነው። በተራ የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በሥራ ጉዳት ግን በአንቀጽ 108 መሠረት የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ የተቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈላል። በወር 6,000 ብር ለሚያገኝ ሠራተኛ ስድስቱ ወር በሕመም ፈቃድ 12,000 ብር ነው፤ በሥራ ጉዳት 31,500 ብር። ዓመቱ ሲሞላ የሥራ ጉዳቱ 49,500 ይደርሳል። የሕክምናና የመድኃኒት ወጪ በአሠሪው ላይ ነው፣ ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ። ማህበሩ ዛሬውኑ "የሕመም ፈቃዱ ወደ ሥራ ጉዳት ይቀየር፣ ልዩነቱ ይከፈል" የሚል ደብዳቤ ያስገባ።

ቋሚ ጉዳት የሚወሰነው በሕክምና ቦርድ ነው፤ እንደተቻለ ጉዳቱ ከደረሰ በ12 ወር ውስጥ። ለበሽታ ጉዳቱ ደረሰ የሚባለው በሽታው የታወቀበት ቀን ነው፦ ሠራተኛው መጀመሪያ ሥራ ያቃተበት ወይም ሐኪም መጀመሪያ በሽታውን ያገኘበት። ቦርድ ሲቀርቡ አንድ ነገር ጠብቁ። "ቀላል ሥራ ይሰጠው" ብሎ የሚያበቃ ወረቀት ይዘው የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው። ያለ ፐርሰንት ስሌት የለም። የበሽታው ስም፣ ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት፣ ጉዳቱ ቋሚ ወይም ጊዜያዊ መሆኑና መጠኑ በመቶኛ ሳይጻፍ ከወጣ እንዲሟላ ወዲያው ይጠየቅ። አሠሪው ወደ ቦርድ የሚልክ ደብዳቤ ካልጻፈ ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በጡረታ በኩል ጉዳቱ ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም። ሠራተኛው ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለ ከጉዳቱ በፊት በነበረው ወር ያገኝ የነበረው ደመወዝ 47 በመቶ በየወሩ የጉዳት ጡረታ አበል ይሆናል፤ ለ6,000 ብር 2,820 ነው። መሥራት እየቻለ 30 በመቶ ከተጎዳ ደግሞ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት አለ፤ 2,820 በ60 ወር ተባዝቶ 169,200፣ የዚያ 30 በመቶ 50,760 ብር። የጡረታ ሽፋን የሌለው ያው ሰው ከአሠሪው የሚጠይቀው 72,000 በ5፣ ማለትም 360,000፣ የዚያ 30 በመቶ 108,000 ብር ነው። ሁለቱ በጣም ስለሚራራቁ ነው ሰው የሚምታታው፤ ግን ትልቁን መርጦ መክሰስ አይቻልም።

ከዚህ ውጭ አሠሪው ጥፋት ካለበት፣ ለምሳሌ መምጠጫው ተበላሽቶ እያወቀ ካሠራ፣ በጥፋቱ ምክንያት የጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት አይቀርም። ይህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚታይ ነውና ጥፋቱን ማስረዳት የከሳሹ ሸክም ነው። የጥገና መዝገቡ ዋጋ የሚታየው እዚህ ነው።

ስለ ጊዜ፦ በአዋጁ ጠቅላላው ይርጋ (ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ) መብቱን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን 1 ዓመት ነው። ደመወዝና ሌሎች ክፍያዎች በ6 ወር ይታገዳሉ። የተቀነሰው ደመወዝ ልዩነት ከ6 ወሩ ውስጥ ይጠየቅ፤ "ሌላው እስኪያልቅ እንጠብቅ" ማለት ነው ብዙ ሰው የሚያስቀጣው። የቦርዱን ውሳኔ እየጠበቁም ቢሆን ክሱ ይከፈት። ክሱ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል፤ ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። አሠሪው ጥያቄውን በጽሑፍ ካመነም ይርጋው ይቋረጣልና መልስ በጽሑፍ ይጠየቅ።

መልቀቂያውን እህታችን አትፈርም። "በራሴ ፈቃድ" የሚል ወረቀት ሕመሙ ከሥራ ያስወጣት መሆኑን ያስተባብልባታል። "ከድርጅቱ ምንም አልጠይቅም" የሚል ሐረግ በክፍያ ደረሰኝ ውስጥ ተቀብሮም ይመጣል፤ ገንዘብ ስትቀበል "መብቴን ጠብቄ" ብላ ጽፋ ትፈርም።

የፈትል ክፍል ተወካይ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀረኝ። ከአራቱ አንዱ ሲጋራ ያጨሳል፤ ሦስቱ ሴቶች ናቸው፣ ቤታቸው በከሰልና በእንጨት ያበስላሉ። አሠሪው ይህን ያነሳል። ደግሞም ከሁለት ዓመት በፊት ከፋብሪካው የወጣ አንድ የካርዲንግ ሠራተኛ አሁን ታመምኩ ብሎ መጥቷል፤ ቀኑ አልፎበታል?

የደረት ሐኪም

ማጨሱን አይደብቅ፤ ቀን ስንት እንደሚያጨስና ለስንት ዓመት እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገር። ተደብቆ ኋላ ከወጣ የቀረው ቃሉም አይታመንለትም። ሲጋራና የጥጥ አቧራ ተደጋግፈው ይጎዳሉ፤ አንዱ መኖሩ ሌላውን አያጠፋም። የሲጋራም የምድጃ ጭስም ጉዳት ከዕረፍት ማግስት ለይቶ አይጠናም፤ ምድጃው በዕረፍት ቀንም ይነዳል። የቀን በቀን መዝገቡና በፈረቃው ውስጥ የወረደው ልኬት የሚመልሱት ይህን ክርክር ነው። ሐኪሙም ሁለቱንም ጠቅሶ የአቧራውን ድርሻ እንዲጽፍ ይጠየቅ።

ለወጣው ሠራተኛ ግን የፈረቃ ልኬቱ አይሠራለትም፤ አቧራው ውስጥ የለምና። ቬንቶሊን ከመንፋቱ በፊትና 4 ጊዜ ከነፋ ከ15 ደቂቃ በኋላ የሚደረግ ስፓይሮሜትሪ ያስፈልገዋል፤ የአየር ቧንቧው በደንብ ካልተከፈተ ቋሚ ጥበት ነው። በሥራ ዘመኑ ከዕረፍት ማግስት ያፍነው እንደነበረ የሚያሳይ የድሮ የክሊኒክ ካርድ ካለው ይፈለግ፤ የፋብሪካው ክሊኒክ መዝገብ ውስጥ "ሳል፣ ደረት ማፈን" ተብሎ የተጻፈ ቀን ከፈረቃ መዝገቡ ጋር ይመሳከራል።

ጠበቃ ከልደታ

ከሥራ መውጣቱ ብቻውን መብቱን አያጠፋም፤ ከላይ እንዳልኩት የሚቆጠረው በሽታው ከታወቀበት ቀን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የታወቀበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ለእሱ ከሁሉ ይበልጣል። ከአንድ ዓመት በፊት "የሥራ በሽታ ነው" ተብሎ ተጽፎለት ዝም ብሎ ከነበረ አደጋ ላይ ነው፤ ገና አሁን ከሆነ ዛሬ ይጀምር። በመካከል ሌላ አቧራ ያለበት ቦታ ሠርቶ ከሆነ አሠሪው ወደዚያ ይገፋዋልና ያንን ዘመን የሚያሳይ ደብዳቤም ያቅርብ።

ሴፍቲ ኦፊሰር

ከመዝጋታችሁ በፊት፦ ካርዲንግና ሪንግ ፍሬም (ክር መፍተያ ማሽን) ላይ የቆየ ሰው ጆሮውም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ የመስማት ጉዳት ለብቻው የሚገመገም ጉዳት ነው። ኦዲዮሜትሪ (የመስማት ምርመራ) ሲሠሩ ቢያንስ 14 ሰዓት ከማሽን ድምፅ ርቀው ይሁን፤ ከፈረቃ በቀጥታ ከሄዱ ውጤቱ ጊዜያዊ ድካም ነው ተብሎ ይጣላል። በድምፅ የተጎዳ ጆሮ ብዙውን ጊዜ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ጎድጎድ ያለ መስመር ያሳያል። ቦርዱ ጆሮውንም አብሮ እንዲያይ በማመልከቻው ላይ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ቦርድ ያልተጠየቀውን አያይም።